በካርቶን ውስጥ የማይገባ እርዳታ

ከአገር ቤትም ከአሜሪካም የሚደውሉልኝ ሰዎች፣ ሊባኖስ ውስጥ ሰው ቤት ስለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሚያነሡት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ልጆቹ ምን ይፈልጋሉ? ሩዝ እናዋጣ ወይስ ልብስ?» ይሉኛል። ከቅን ልብ የመጣ ጥያቄ ስለሆነ ሁልጊዜም አመሰግናለሁ። መልሱ ግን በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጽፈው ተነሣሁ።

ያለሁት ከቤይሩት በስተምሥራቅ፣ ዳውራ በሚባለው ሰፈር ነው። በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ የሐበሻ ሱቆች፣ ጸጉር ቤቶችና የሐዋላ መስኮቶች ተጠጋግተው ይገኙበታል። እሑድ የእረፍት ፈቃድ ያላት ሁሉ ወደዚህ ትመጣለች። የሠርጉም፣ የመርዶውም፣ የዕቁቡም፣ ድምፅዋ የጠፋ ልጅ ጉዳይም የሚሰማው እዚህ ነው። ዓመትና ወሩን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ስለ ሊባኖስ የሚጻፉ ሪፖርቶች መከራውን በየክፍሉ ያስቀምጡታል። የኢኮኖሚው ውድቀት አንድ ምዕራፍ፣ ኮሮና አንድ ምዕራፍ፣ የወደቡ ፍንዳታ ሌላ፣ የሶርያ ስደተኞች ሌላ፣ ኮሌራው ሌላ፣ ጦርነቱ ደግሞ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ የተለየ የገንዘብ ጥሪ ይወጣል፣ የተለየ ቢሮ ይከፈታል፣ የተለየ የተረጂዎች ዝርዝር ይዘጋጃል። ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ግን ሁሉም በአንድ ትከሻ ላይ የተጫነ ነው። የምሟገትበት ጉዳይ ይህ ነው። ዝርዝሮቹ ብዙ ሆነው ሳለ እሷ የአንዱም ባለመብት አይደለችም። ስሟ በዝርዝር እንዳይገባ የሚከለክለው ደግሞ ካርቶን ምግብ የማይፈታው ነገር ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ከ1997 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ተኩል ይመነዘር ነበር። ሱቅ ገብተህ በአንዱ ከፍለህ በሌላው መልስ ትቀበላለህ። በወር 200 ዶላር የተዋዋለች ልጅ 300,000 ሊራ ቢቆጠርላት ልዩነት አልነበረውም። ሐዋላ ቤት ሄዳ በዶላር ለእናቷ ትልካለች። ኦክቶበር 17 ቀን 2019 ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ባንኮች ተዘጉ፤ እንደገና ሲከፈቱም ለሰው የገዛ ዶላሩን መስጠት አቆሙ። በማርች 2020 መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር የቦንድ ዕዳውን መክፈል እንደማይችል አሳወቀ። ከዚያ በኋላ ሊራው የሚይዘው አጣ። ያው 300,000 ሊራ በ2020 በጋ ላይ በጥቁር ገበያ ወደ 37 ዶላር ገደማ ወረደ። በ2021 መጨረሻ 11 ዶላር፣ በማርች 2023 ደግሞ ከ3 ዶላር በታች ሆነ። ልጅቷ ያንኑ ወለል ትጠርጋለች፣ ያንኑ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ያንኑ ሰገነት ትወለውላለች። የወር ደመወዟ ግን አንድ ኪሎ ሥጋ የማይገዛበት ጊዜ መጣ።

እዚህ ላይ ስለ ሊባኖሳውያን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ማዳሞች (አሠሪ እመቤቶች) ደመወዝ የከለከሉት ከክፋት ሳይሆን ከእጃቸው ስለጠፋ ነው። እኔ እሠራላቸው የነበሩት ጡረተኛ አስተማሪ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸው ባንክ ውስጥ ተቆልፎ ቀርቷል። በሳምንት የተፈቀደላቸውን ሊራ ለመቀበል ጠዋት ተሰልፈው ከሰዓት ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት ቀን ነበር። ማታ ወጥ ቤት መጥተው ከእኔ ጋር ይቀመጡና ያለቅሳሉ። «ልጄ፣ እኔ አሠሪሽ ነኝ ለማለት አፍራለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ፓስፖርቴን በእጄ ሰጥተው ነው ያሰናበቱኝ። ሁሉም እንደ እሳቸው አልነበሩም።

በ2020 ሜይና ጁን ላይ ሐዝሚዬ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር አሠሪዎች በመኪና እየመጡ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው፣ አንዳንዶቹንም ያለ ሻንጣ፣ አውርደው መሄድ ጀመሩ። ልጆቹ ፍራሽ አንጥፈው አስፋልት ዳር አደሩ። አውሮፕላን ማረፊያው በኮሮና ምክንያት ከማርች ጀምሮ ዝግ ነበር፤ የተከፈተው ጁላይ 1 ቀን ነው። የብዙ ወራት ደመወዝ ሳይከፈላት የተጣለች ልጅ ቲኬት የምትቆርጠው በምንድን ነው? የብዙዎቹ ፓስፖርት አሠሪው ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን መጥቶ ቀረጻቸው፤ ዓለም አየው፤ ከዚያም ሌላ ወሬ መጣ።

ኦገስት 4 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ በወደቡ መጋዘን ቁጥር 12 ለዓመታት ተከማችቶ የቆየ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ዳውራ ከወደቡ በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ላይ ቢሆንም መስኮታችን ከነክፈፉ ወደ ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከ6,000 በላይ ቆሰሉ፣ 300,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከሞቱት መካከል ብዙ የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ። የእህል ጎተራው ግማሽ ጎኑ ተበልቶ ቆሞ ቀረ። ስንዴዋን ከውጭ ለምታስገባ አገር ትልቁ ማከማቻ ጠፋ ማለት ነው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የዳቦ ሰልፉ ለምን እንዲያ እንደረዘመ የገባን ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሊባኖስ ወጣቶች መጥረጊያና አካፋ ይዘው ከየሰፈሩ መጡ። ማንም አላዘዛቸውም። የሚጠርጉት የማንን ቤት እንደሆነ አልጠየቁም። ያንን ጠዋት መቼም አልረሳውም። ከሳምንት በኋላ ግን ድርጅቶቹ ወረቀት ይዘው መጡ፤ ወረቀቱም ጥያቄ ነበረው። የቤቱ ባለቤት ማን ነው? የኪራይ ውል አለ? የቤተሰቡ ኃላፊ መታወቂያ ቁጥር ስንት ነው? ሶርያዊ ከሆነ የተመድ የስደተኛ ቁጥሩ የታለ? እነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጁት እርዳታው በትክክል እንዲደርስ ነው፤ ክፋት የለባቸውም። ነገር ግን ወደቡ አጠገብ ባለው ካራንቲና ሰፈር በአንድ ክፍል ከአራት ልጆች ጋር የምትኖር፣ ውሏ በቃል የሆነ፣ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ጊዜው ያለፈበት፣ ከከፊሏ (ፈቃዷ በስሙ ከተያዘው አሠሪዋ) ቤት የወጣች ኢትዮጵያዊት ለየትኛው ጥያቄ መልስ አላት? ከማዳሟ ጋር የምትኖረው ደግሞ የቤተሰቡ አባል ተብላ አትቆጠርም። የማዳሟ ቤት መስታወት ተተካ፤ እሷ የምትተኛበት በረንዳ ግን እስከ ክረምት ድረስ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቆየ።

ለእኛ የደረሰን ካርቶን ነበር። ከብዙ ቦታ መጣ፤ እኔም ለማደል ከቆሙት አንዷ ነኝ። መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይት፣ የቲማቲም ድልህና ስኳር ይዟል። ለተራበ ሰው ውለታ ነው። እንደ «እኛ ለእኛ በስደት» ያሉ፣ ራሳቸው የቤት ሠራተኛ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የተመሠረቱ ማኅበራት በእነዚያ ወራት ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ እንደሚጠፋ አላውቅም። እነሱ ግን ከካርቶኑ ጋር የቤት ኪራይም ይከፍሉ ነበር፤ ምክንያቱም ችግሩን ከውስጥ ያውቁታል። ኪራይ ያልከፈለች ልጅ መኮሮኒውን የምታበስልበት ምድጃ የላትም። ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ አንዲት ከአርሲ የመጣች ልጅ የተሰጣትን ካርቶን ሳትከፍተው ለአከራይዋ ስታስረክብ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ማደሉን ለሌሎች ትቼ የኪራይና የወረቀት ጉዳይ መከታተል ጀመርኩ።

ወረቀቱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር የለኝምና። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ በ1946ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 7 ከሕጉ ጥበቃ ውጪ ተደርጋለች። የምትኖረው በከፋላ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በአንድ ሰው ስም ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ሰው ቤት በወጣችበት ቀን፣ ስለተመታችም ይሁን ደመወዝ ስላልተከፈላት፣ ሕገ ወጥ ትሆናለች። ከፊሉ «ጠፋችብኝ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ አንዳንዱ «ሰረቀችኝ» የሚለውን ይጨምርበታል። አገሯ ለመመለስ ብትፈልግ እንኳ ፓስፖርት የላትም፤ ስለዚህ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) ታወጣለች። በላዩ ላይ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ያለፈቃድ ለቆየችባቸው ዓመታት ቅጣት ይጠየቃል፤ የስርቆት ክስ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባት። በሴፕቴምበር 2020 የሥራ ሚኒስቴር አዲስ ውል አውጥቶ ነበር። ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን በእጇ እንድትይዝ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥታ አሠሪ እንድትለውጥ የሚፈቅድ ነበር። ደስ ብሎን ነበር። በኦክቶበር የሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮዎች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ደስታችን ከወር ብዙም አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው፤ ያየ ያውቃቸዋልና። በ2021 የመንግሥት መብራት በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሆነ። በኦክቶበር ጭራሽ አገሪቱ በሙሉ የጨለመችበት ቀን ነበር። የጄኔሬተር ክፍያ ከቤት ኪራይ በለጠ። መድኃኒት ቤቶች ባዶ ሆኑ፤ የደም ግፊት ያለባት ጓደኛዬ ክኒኗን ለሁለት እየከፈለች ትውጥ ነበር። የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ መንግሥት በድጎማ ከሚያስገባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ ልጆቹ አሮጌ ጨርቅ ወደ መቁረጥ ተመለሱ። ይህን ወንዶች አንባቢዎቼ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ፤ በካርቶኖቹ ውስጥም ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። በ2022 መኸር ደግሞ ከ1993 ወዲህ ያልታየው ኮሌራ ከሰሜን ሊባኖስ፣ ከአካር ተነሥቶ መጣ።

«ታዲያ ለምን አገራቸው አይመለሱም?» የሚል አለ። የትኛው አገራቸው? በኖቬምበር 2020 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ስልክ ተቋረጠ። ከአድዋና ከማይጨው የመጡ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ከዓመት በላይ ሰው ቤት ሠርተዋል። እሑድ ሲመጡ ስልካቸውን ከእጃቸው አያወርዱም፤ ያንኑ ቁጥር ደጋግመው ይመታሉ። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲወርድ ተራው የእኛ ሆነ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ታላቅ እህቴ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ወጥታ ደብረ ብርሃን ገባች። በዚያ ሰሞን አንድ ነገር አየሁ። የመቀሌዋም የወልዲያዋም ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዷ ለሌላዋ ሻይ ታፈላ ነበር። ለመጣላት አቅምም ጊዜም አልነበራቸውም፤ ሁለቱም የሚልኩት ገንዘብ የላቸውም፣ ሁለቱም የሚመለሱበት ቤት የላቸውም። ተመላሾችን ለመርዳት የሚታቀድ ፕሮጀክት ሁሉ መመለሻ ቦታ አለ ብሎ ይጀምራል። ያ ግምት ልክ የማይሆንበት ጊዜ እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው።

ጦርነት በ2024 እዚህ ሊባኖስም በእኛ ላይ መጣ። በደቡብ በኩል ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ በእስራኤልና በሒዝቦላህ መካከል የተኩስ ልውውጥ ነበር፤ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2024 ግን በአንድ ቀን ከ500 በላይ ሰዎች በእስራኤል የአየር ድብደባ ተገደሉ። ከደቡብ፣ ከበቃዕና ከቤይሩት ደቡባዊ ሰፈሮች ሕዝቡ ተነቅሎ ወጣ፤ መንግሥት ተፈናቃዩን 1.2 ሚሊዮን አለው። ወደ 1,000 የሚጠጉ መጠለያዎች ተከፈቱ፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው። አሠሪዎች ሲሸሹ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። አንዳንዶቹ ልጅቷን ይዘዋት ሸሹ፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ አውርደዋት ሄዱ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቤቱን እንድትጠብቅ ብለው ከውጭ ቆልፈውባት ሄዱ። በደቡብ ካለው ከነበጢዬ አካባቢ አንዲት ልጅ በዋትስአፕ ድምፅ ላከችልኝ፤ ከድምፅዋ በስተኋላ የአውሮፕላኑ ጩኸት ይሰማል። «እትዬ፣ ቁልፉን ይዘውት ሄዱ። በመስኮት ልዝለል ወይስ ልጠብቅ?» አለችኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት። የሰፈሩን የሲቪል መከላከያ ሰው በአረብኛ አነጋግሬ በሩን የሰበሩላት በማግስቱ ነው።

የወጡትም ሲወጡ ወዴት ይሂዱ? የመጠለያው በር ላይ «ለሊባኖሳውያን ብቻ ነው» ተባሉ። ይህ በአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የሆነ አይደለም። ሊባኖስ ውስጥ ከ170,000 በላይ ስደተኛ ሠራተኞች እንዳሉ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ይገምታል፤ ኢትዮጵያውያን ከብዙዎቹ ወገን ናቸው። ለእነሱ ግን አገሪቱ ያዘጋጀችው በር አልነበረም። ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው አደሩ። አሽረፊዬ አጠገብ ያለው የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፍቶ ኢትዮጵያዊቷንም ሱዳናዊውንም ባንግላዴሻዊቷንም አስገባ፤ ወዲያውም ሞላ። እኛም ዳውራ ውስጥ ለሁለት የምትበቃ ክፍል ውስጥ ተደርድረን አደርን። ኖቬምበር 27 ተኩስ ቆመ ተባለ። አሠሪዎች ወደ ፈረሰው ቤታቸው ተመለሱ። መልሶ መገንባቱ ስንት ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ በየዜናው ይነገራል፤ ቤቱን ሲያጸዱ የነበሩት ሴቶች ያልተከፈላቸው ደመወዝ ግን በስሌቱ ውስጥ የለም። ይህንን እንደ ትልቅ በደል ነው የምቆጥረው።

እንግዲህ ለጥያቄው ያለኝ መልስ ይህ ነው። ልብስ አትላኩ። አለን፤ ማስቀመጫ ነው ያጣነው። ሩዝም ከዚያ ተጭኖ ሊመጣ አይገባም፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ አለ፣ የጠፋው ገንዘቡ ነው። ኪራይ ክፈሉ፤ አንድ ክፍል ለሦስት ወር ቢከፈል አራት ልጆች ለማንም ሳይለምኑ ሥራ ይፈልጋሉ። የስልክ ካርድ ሙሉ፤ የተቆለፈባት ልጅ የዳነችው ስልኳ ውስጥ ኢንተርኔት ስለነበረ ነው። ከሁሉ በላይ የወረቀት ወጪ ሸፍኑ፤ ሊሴ ፓሴ፣ ቅጣት፣ ጠበቃ፣ ቲኬት። ሐሰተኛ የስርቆት ክስ የሚያሰርዝ ጠበቃ አንዲትን ሴት ከዓመታት መደበቅ ያወጣታል። ይህ ለፎቶግራፍ የሚመች እርዳታ አይደለም። የተከመረ ካርቶን አጠገብ ቆሞ መነሣት ያምራል፤ የተዘጋ ክስ ፋይል ግን ምን ተደርጎ ይነሣል? ለጋሾች ለምን ካርቶኑን እንደሚወዱ ይገባኛል፤ ቢሆንም አልስማማም።

ድርጅት ውስጥ የምትሠሩም ታነቡኝ እንደሆነ፣ ቅጻችሁ ላይ «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚለውን ክፍት ቦታ እባካችሁ ተመልከቱት። አንዲት ሴት ብቻዋን አንድ ቤተሰብ ተብላ ትመዝገብ። መታወቂያ ከሌላት የጎረቤቶቿ ምስክርነት ይበቃል በሉ። አድራሻዋን ከጠየቃችሁ በኋላ ለማን እንደማትሰጡት ንገሯት፤ ብዙዎቹ ቅጹን የሚሸሹት ፖሊስ ዘንድ ይደርሳል ብለው ስለሚፈሩ ነው።

በዚህ ወር የያዝኩት ጉዳይ የአንዲት እናት ነው። በጦርነቱ ከደቡብ ሸሽታ የመጣች ከጅማ አካባቢ ናት፤ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ልጁ የልደት ወረቀት የለውም። የተወለደው ቤት ውስጥ በአንዲት ሊባኖሳዊት አዋላጅ እጅ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ስላልተመዘገበ አሁን በፍርድ ቤት በኩል ማለፍ አለበት። ያለ ልደት ወረቀት ሊሴ ፓሴ አይወጣለትም፤ ያለ ሊሴ ፓሴ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ እሷም ጥላው አትሄድም። አዋላጇን ለማግኘት ብዙ ደከምን፤ መንደሯ ፈርሶ በደቡቧ ሰይዳ ከተማ ከልጇ ጋር ተጠግታ ነው ያለችው። ምስክርነቷን እንደምትፈርም በስልክ ነግራናለች፤ «እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ማንም ፊት እናገራለሁ» ብላለች። ጠበቃዋ ግማሽ ክፍያዋን ተቀብላ ማመልከቻውን አስገብታለች። ቀሪውን ግማሽና የእናትየውን የሁለት ወር ኪራይ እያሰባሰብን ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ፊርማውን ለመቀበል ወደ ሰይዳ እንወርዳለን።